የበረዶ ሸለቆ

«ይህ ሸለቆ ልክ አይደለም» አለች ደጊቱ፣ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

የሸለቆውን ሞዴል የሚቀባው ሰውዬ ብሩሹን እንደያዘ ዞሮ አያት። አትላንታ ውስጥ ባለች አነስተኛ የተፈጥሮ ሙዚየም በጽዳት ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው፤ እስከዚያች የ1986 መጋቢት ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው አሜሪካና ካናዳ በድንበራቸው የሚጋሩት የተራሮች ፓርክ ሞዴል ነው። በማግስቱ ለተማሪዎች ይከፈታል።

ሥራ ያስገባት የጽዳት አለቃዋ ይገዙ በአማርኛ ጣልቃ ገባ። «ምን ነካሽ? ሁለታችንንም ከሥራ ፋየር ያደርጉናል።»

«ልጆች ስህተት ሲማሩ ዝም ልበል?»

ደጊቱ ለሰውዬው በእንግሊዝኛ ያለችውን የሰማችው የሙዚየሙ ኃላፊ ሚስስ ሃርፐር መጣች። «ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አለች ኮስተር ብላ።

ደጊቱ እንግሊዝኛው አልታዘዝ ሲላት ከሞዴሉ ሥራ የተረፈ ጭቃ ከባልዲው አነሳችና በጣቷ ጠባብ ቦይ አወጣችበት። «ወንዝ ሲቆርጥ እንዲህ ነው።» ከዚያ ጡጫዋን ቦዩ ውስጥ ከትታ ቁልቁል ጎተተችው። ወለሉ ሰፋ፣ ጎንና ጎኑ ገደል ሆነ። «እዚያ ያለፈው ግን የበረዶ ግግር ነው። ግግር ሲያልፍ እንዲህ እንደ ገንዳ ይፍቀዋል። የእናንተው ሞዴል የወንዝ ሸለቆ ነው።»

ሚስስ ሃርፐር ቢሮዋ ገብታ የፓርኩን የፎቶግራፍ መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። ገለጠችው። ሸለቆው ሰፊ ገንዳ ነው። ሰውዬው ብሩሹን አስቀምጦ በራሱ ሳቀ።

«ይህን የት ተማርሽ?» አለቻት ሚስስ ሃርፐር።

«አስተማሪ ነበርኩ። ባሌ ጎባ፣ ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ። ተማሪዎቼን ሳነቴ አምባ ላይ አውጥቼ ጥንት በረዶ የፋቀውን ድንጋይ አስነክቻቸዋለሁ።» ከአገር ከወጣች ወዲህ፣ በሱዳን መጠለያም ሆነ እዚህ፣ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ደጊቱና ሰውዬው ሸለቆውን አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ይገዙ የእሷን ኮሪደር ሲወለውል ዋለ። በመንገዱ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ «ያቺን አየሃት? የአገሬ ልጅ ናት» ይል ነበር።

ልትወጣ ስትል ሚስስ ሃርፐር ጠራቻት። «ነገ ለልጆቹ አንቺ ብታስረጂያቸውስ?»

ጠዋት አርባ ልጆች በር ላይ ተሰልፈዋል። ጸሐፊዋ የደረት ካርድ ይዛ፣ «ከስምሽ ጎን ምን ልጻፍ? ጽዳት?» ስትል ጠየቀቻት።

ደጊቱ እስክሪብቶውን ተቀበለቻትና «መምህርት» ብላ ራሷ ጻፈችበት። ካርዱን ደረቷ ላይ ሰካች፤ በሩንም ለልጆቹ ከፈተችላቸው።