አሥራ ሦስቱ እግሮች

ሰፈርተኛው ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ሚሊሜትር። አናጺ ነው። ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ ሚስማር እንኳ አይመታም፤ የሠራው ወንበር ትንሽ ከተወላገደ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። ታዲያ ይኼ ጥንቁቅ ሰው የሠራውን ጉድ ስሙልኝ!

ልጁ ከሙዚቃ መምህሯ ዘንድ አንድ ረጅም ዕቃ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችለት። ኮቶ ይባላል፤ የጃፓኖች የጥንት መሣሪያ ነው። ርዝመቱ ሰው ያህላል፤ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል እንጨት ነው። በላዩ ላይ አሥራ ሦስት ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥረውበታል።

"አባዬ፣ ጀርባው ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ብቻ ድፈንልኝ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ፊት እንጫወትበታለን" አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለቲቸር 'አባቴ ያውቅበታል' ብዬ ምዬላት ነው" አለች።

አባትና ልጅ ስለ ሙዚቃ ካወሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ያኔ ልጅቱ የቡድናቸውን ሥራ በስልኳ አሰምታው ነበር። ኮቶ አለበት፣ ሳፋ ውስጥ የሚንቆረቆር ውሃ አለበት፣ የቆርቆሮ ክዳን ቀስ እያለ ይፋተጋል፣ መሀል ላይ ደግሞ ሁሉም ጸጥ ይላል። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይኼ ሙዚቃ ነው ወይስ ዕቃ እየታጠበ ነው?" ልጅቱ ስልኳን ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አሰምታው አታውቅም። ሚሊሜትር አፉን ስንቴ ረግሟል፤ ግን ይቅርታ ማለት የሚሉት ነገር ሞቱ ነው። ስለዚህ ያንን ብርድ ልብስ የፈታው የተኛ ሕፃን እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብሎ ነው። አሳምሮ ከሠራው ልጁ ትመለስለታለች፤ ካበላሸው ግን አለቀለት።

ስንጥቁን ደፈነው፤ በጣት እንኳ ቢዳሰስ አይታወቅም። ምናለ እዚያ ላይ ቢያቆም! ከመሣሪያው ጋር አንዲት የጨርቅ ከረጢት ነበረች። ሲከፍታት አሥራ ሦስት ትንንሽ የእንጨት እግሮች ወጡ፤ እያንዳንዷ አንድ ክር ከሥር ደግፋ የምትይዝ ናት። "ወይ ጉድ! አንዷም ሳትቀር ተነቅለዋል እኮ!" አለ። እንጨቱ ላይ የቆሙበትን ደብዛዛ ምልክት ፈልጎ አገኘ። ከዚያ እያንዳንዷን ከክሯ ሥር አስገብቶ፣ ለክቶ፣ በሙጫ ግጥም አደረጋት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቱ መጣች። ስንጥቁ የነበረበትን ዳስሳ ፈገግ አለች። ከዚያ አንዷን እግር በጣቷ ገፋ ስታደርጋት እግሪቱ ንቅንቅ አልል አለች። ሁለተኛዋን ሞከረች፤ ሦስተኛዋንም።

"አባዬ፣ ምን አድርገሃቸው ነው?"

"ተነቅለው ነበር፤ አጣበቅኳቸዋ! አሥራ ሦስቱንም!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ልጅቱ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። "እነሱ እኮ አይጣበቁም! ክሩ ነው ተጭኖ የሚይዛቸው። መሣሪያው የሚቃኘው እነሱን ወዲያና ወዲህ በማንሸራተት ነው።"

ሚሊሜትር ኩም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልጅቱ ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን አልጮኸችም። "በቃ፣ ለቲቸር ልደውልላት" ብላ ስልኳን አወጣች።

"ቆይ! ቆይ ልጄ!" ዘወር ሲል ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ጥቁር የሙጫ ድስቱን አያት። ጎረቤቱ በያጁ በዚያች ድስት ስንት ጊዜ ስቆበታል፤ "ሰው የፋብሪካ ሙጫ ይገዛል፣ አንተ ቆዳ ትቀቅላለህ" እያለ። እግሮቹን ያጣበቀውም በዚሁ የቆዳ ሙጫ ነው። እርግጥ ይሸታል። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ትኩስ እርጥበት ካገኘ ይለቃል። የፋብሪካው ቢሆን ኖሮ እግሪቱ እንጨቱን ገንጥላ ነበር የምትነሳው።

"ውሃ ጣጂልኝ!" አለ።

በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቆ የመጀመሪያዋ እግር ሥር አደረገ፤ ጠበቀ፤ ስስ ቢላዋውን አስጠጋ። ቀጭ ብላ ተነሳች። "እሰይ! እሰይ የኔ ድስት!" ብሎ ጮኸ። ሁለተኛዋ ተነሳች፣ አምስተኛዋ፣ ዘጠነኛዋ። ልጅቱ ጨርቅ እየነከረች ታቀብለዋለች፤ የሁለቱም ፊት በላብ ረጥቧል። አሥራ ሁለቱ ተነሱ። አሥራ ሦስተኛዋ ግን ሙጫ በዝቶባት ኖሮ እምቢ አለች። ቢላዋውን ሲያጠብቅ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ሲል ተሰማው፤ እጁን ሰበሰበ።

መሣሪያውን ልትወስድ መምህሯ የደረሰችው ይኼኔ ነው፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ እርጋታዋ የሚያስፈራ ሴት። ልጅቱ አፏን ስትከፍት ሚሊሜትር ቀደማት።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ስንጥቁን ብቻ ነበር ያለችኝ። እኔ ሳላውቅ ገባሁበት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ይህን ቃል ካፉ ሰምታ አታውቅም።

መምህሯ እምቢ ያለችውን እግር ክር ነካች። ድምፁ ወጣ፤ ቆየ፤ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ደግማ ነካችው። "ጋሼ፣ ይህችን ለምን እናስቸግራታለን? ለዛሬ እሷ ትቁም፣ አሥራ ሁለቱ ወደ እሷ ይምጡ። በእሷ ልክ እንቃኛለን። እኛ የምንጫወተው ራሱ ሙከራ አይደል? ሰኞ ቀስ ብለው ያስነሷታል።"

እፎይ! ሚሊሜትር ከቅድም ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው፤ እንባውም አብሮ መጣ፤ በእጅጌው ጠረገው።

እናትና ልጅ የመሰሉት ሁለቱ ሴቶች እግሮቹን እየገፉ መቃኘት ጀመሩ። መምህሯ በቀኝ እጇ ክር ትነካለች፣ በግራዋ ጫን ታደርገዋለች፤ ድምፁ ከፍ ይልና ይመለሳል። ሚሊሜትር አርባ ዓመት እንጨት ሲያንኳኳ ኖሯል፤ እንጨት እንዲህ ይናገራል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ጸጥታው መሀል እንኳ አንድ ነገር ይሰማው ጀመር።

"አባዬ፣ የመጨረሻዋን አንተ አቁማት" አለች ልጁ።

እጁ ወደ ኪሱ ገባ፤ ሜትሩን መዘዘ። "ስንት ሴንቲ ላይ?"

"ሜትር የለውም። በጆሮህ ነው።"

ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እሷ ክሩን እየነካች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ እግሪቱን ገፋት፤ አለፈ፤ መለሳት፤ በጣም ትንሽ ገፋ አደረጋት። ድምፁ ካልተነሳችው እግር ክር ድምፅ ጋር ገጠመ። እጁ በራሱ ቆመ።

"እሷው ናት! እንዳትነካት!" ብላ ጮኸች ልጅቱ።

"ሙጫ ላምጣ?" አላት።

ልጅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ መምህሯም አልቀረች። መሣሪያውን በብርድ ልብሱ ሲጠቀልሉት ሚሊሜትር ጃኬቱን ለበሰ።

"ወዴት ነው?" አለችው ልጁ።

"ካንቺ ጋራ ነዋ! ያ ሳፋ የታለ? እሱን እኔ እሸከመዋለሁ።"