የሴና ጅማት

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። የጊንጪን የሴቶች ቡድን አሠልጥኖ ታጋሽ ሆኖ የቀረ ሰው ካለ ይምጣና ይምከረኝ። ለዚህም ነው ዶክተር ሰምሃል ያን ቀን ያደረገችው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ሰምሃል አምቦ ተቀምጣ የስፖርት ጉዳት የምታጠና ተመራማሪ ናት። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ የሴት ተጫዋቾች የጉልበት ጅማት ከወንዶቹ ይልቅ ለምን ቶሎ ይበጠሳል? ይህንኑ ይዛ ከአምቦ ጊንጪ፣ ከጊንጪ ሸነን በሚኒባስ ስትመላለስ፣ የልጆቼን ደም ስትቀዳ፣ ዝናብ እየወረደባት ልምምድ ስታይ ከረመች። «ደም ሰብሳቢዋ መጣች» እያልን ስንቀልድባት አብራን ትስቃለች። የሚጎድላት ከሴት ተጫዋች ጉልበት የወጣ የተበጠሰ ጅማት ነበር፤ ያውም እንደወጣ። ቶሎ ካልቀዘቀዘ ዋጋ የለውም።

ከዚያ አምበሌ ሴና ኳስ በግንባሯ ልትገጭ ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ከዳት። ሲበጠስ ድምፁ እኔ ከቆምኩበት ተሰማኝ። ያን ቀን ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ያየ ሁሉ ያውራ።

አምቦ ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተያዘላት። ሐኪሙ ከጭኗ ሌላ ጅማት ወስዶ ይተካላታል፣ የተበጠሰው ይወጣል። የወጣውን ሰምሃል እንድትመረምረው ሴና ፈቅዳ ፈረመች። ይህን ለእናቷ መንገር ግን ማናችንም ትዝ አላለንም።

እናቷ አዴ ፋንቱ ጊንጪ መንገድ ዳር እህል ይነግዳሉ። በቀጠሮው ቀን ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡና ቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ትንሿ ልጃቸው ፍቅርተ ከጠዋት ልምምድ ቀጥታ መጥታ አጠገባቸው ነበረች። እሷም የእኔው ተጫዋች ናት፤ የግራ ክንፍ፣ እሳት የሆነች ልጅ።

«ጨርቁ ለምንድን ነው አዴ ፋንቱ?» አልኳቸው።

«ከልጄ የሚወጣውን ልቀበልበት ነዋ» አሉኝ። «የአባቷን፣ የመርጋን ጣት ወፍጮ ሲቆርጣት ቤተክርስቲያን ግቢ ነው የቀበርናት። በኋላ እሱም አጠገቧ ገባ። ከሰው ገላ የወጣ መሬት ይገባዋል።»

ክው አልኩ። ሰምሃልን ወደ ጥግ ሳብኳት። «ልጅቷ ለአቅመ ፊርማ ደርሳለች፤ ፈርማለችም። በጓሮ በር ይዘሽው ውጪ፣ እናትየውን እኔ አባብላቸዋለሁ።»

«ሰርቄ ነው የምመራመረው ኮች? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?» ብላኝ ሄደች። አዴ ፋንቱ እግር ሥር ቁጢጥ ብላ የምትፈልገውን ከነምክንያቱ ነገረቻቸው።

አዴ ፋንቱ ግን ዓይናቸው ከጎኗ ካስቀመጠችው የብረት ዕቃ ላይ ነበር። «ቆይ፣ ይሄ የከብት ማዳቀያ አይደለም እንዴ? ደንዲ ወረዳ የወንድሜን ላም ያዳቀሉት በዚህ ነው!»

«እሱው ነው እናቴ፤ የኮርማ ዘር የሚቀዘቅዝበት። ከግብርና ቢሮ ተውሼው ነው፤ እንደሱ የሚያቀዘቅዝ የለም።»

ሳቁ። እኔም ተነፈስኩ። ቸኩዬ ነበር የተነፈስኩት።

«መርምረሽ ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ?» ብለው ጠየቁ።

ከኋላቸው ሆኜ «አዎ በያቸው» እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። ሰምሃል አየችኝና ፊቷን መለሰች።

«አልመልስም። ተፈጭቶ ነው የሚመረመረው። ምንም አይቀርም።»

«ተፈጭቶ!» አዴ ፋንቱ አማተቡ። ጨርቁን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። አለቀ ደቀቀ አልኩ በልቤ።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ሰምሃል ተቀበለቻት። ለወራት የለመነችው ነገር እጇ ገባ፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ እግሯ ሥር ነው። እሷ ግን ብልቃጡን ወደ እናትየው ዘረጋች። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እሷ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

አዴ ፋንቱ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «ይህቺ ናት? ጣት የማታህል ነገር ናት ልጄን የጣለቻት?»

«እሷ ናት።»

ዓይናቸው ከብልቃጡ ወደ ፍቅርተ ጉልበት ወረደ። ልጅቷ የሜዳው ጭቃ ገና አልለቀቃትም።

«ይህቺኛዋንም ትጥልብኛለች?»

«አላውቅም» አለች ሰምሃል። «እሱን ለማወቅ ነው የምለፋው።»

አዴ ፋንቱ ብልቃጡን ከብርሃኑ አወረዱት። «ቶሌ፣ እሺ። ውሰጂው። ግን ስሟን ጻፊበት። ሰው መሬት የሚገባው በስሙ ነው።»

የሰምሃል ፊት ጨለመ። «ደንቡ ስም አይፈቅድም እናቴ። ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፍበት።» አሁንም አልዋሸችም!

«እንግዲያው አንቺ አትጻፊ። እኔ እነግረዋለሁ።»

ክዳኑን ሳይከፍቱ ብልቃጡን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። የሴናን የክርስትና ስም ሊነግሩት ነው። እሱ ደግሞ ከነፍስ አባትና ከእናት በቀር ሌላ ሰው የሚሰማው ስም አይደለም። ሰምሃል ዞር አለችና ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች። እኔም እንደሷ አደረግሁ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ፤ ካልጨፈንኩት እንባዬ ሊያሳጣኝ ነበር።

ስንዞር አዴ ፋንቱ ብልቃጡን ዘርግተው ይጠብቁናል። ሰምሃል ተቀብላ ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ነጭ ጉም ውስጥ አስገባችውና ክዳኑን ዘጋች።

«አልረፈደም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ደርሰናል» አለችኝ።

አዴ ፋንቱ አልሰሙንም። ጎንበስ ብለው፣ ለቀብር ባመጡት ጨርቅ የፍቅርተን ጉልበት ጭቃ ይጠርጋሉ።