ዲምፕና ሜዳ የወጣችበት እሁድ

ኪልቫራ ተወልዳ፣ ኪልቫራ ተድራ፣ አንድም ቀን ኸርሊንግ፣ ያን እንደ ገና በዱላ የሚጫወቱትን የአገሩን ጨዋታ፣ አይታ የማታውቅ ሴት አለች ቢባል ማን ያምናል? ዲምፕና ግን አይታ አታውቅም። በባሏ፣ ኋላም በልጇ ዱላ ላይ ጸበል እየረጨች ትሸኛለች እንጂ ሜዳው በር ደርሳ አታውቅም። ምን ልታይ! ባሏ ሴናን በረኛ ሳለ በፍጻሜው ጨዋታ አንዲት ኳስ አመለጠችው፤ ከሜዳ ብቻውን ወጣ፤ እስኪሞት ድረስ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። አገሩ ደግሞ አይረሳም። በቀብሩ ቀን እንኳ ያቺን ኳስ ያነሳ ሰው ነበር፣ ምላሱን ይቁረጠውና!

ዛሬም ፍጻሜ ነው፤ በረኛው ደግሞ ልጇ ሎርካን። ቢሸነፍም ብቻውን አይወጣም ብላ ቆርጣ መጣች።

ሽማግሌው ጎረቤቷ ሞሲ ገና ሲያያት፣ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!" አለ። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ቀላል ነው። ሩሯ ከግቡ አግዳሚ በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ ከሥሩ መረብ ከገባች ሦስት። በቃ።"

"በላይ ከሄደችማ ሳቷት አይደል?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! ነጥብ ነው አልኩሽ!"

ጨዋታው ሲጀመር ያ ቀላል የተባለው ነገር ሁሉ ጠፋባት። ሠላሳ ጎረምሳ ዱላ ይዞ ይራኮታል፤ ከጡጫ የምታንሰው የቆዳ ሩር የት እንዳለች የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። እሷ ወዲህ ስታይ ሰዉ ወዲያ ይጮሃል። አንዱ የሌላውን ዱላ ሰብሮ ሲሮጥ፣ "ፖሊስ የለም እንዴ?" አለች፤ ከኋላዋ ያሉት ሳቁባት። የኪልቫራ ልጆች ሩሯን ከአግዳሚው በላይ ሲልኳት፣ "ወይኔ፣ ሳቷት!" ብላ ጮኸች። የግቡ ዳኛ ነጥብ መቆጠሩን ሊያሳይ ነጭ ባንዲራ ሲያውለበልብ ደግሞ፣ "እጅ ሰጠን?"

"በእመቤታችን ዝም በይ!" አላት ሞሲ። "በሁለት ነጥብ እየመራን ነው፤ ሰዓቱም ሊያልቅ ነው።"

ወዲያው አንድ ግዙፍ የተጋጣሚው የባሊኖር አጥቂ ብቻውን ሎርካን ፊት ደረሰ። ያኔ ዲምፕና ሩሯን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። ሰውየው መታ። ሎርካን ተወርውሮ በዱላው ጫፍ ነካት፤ ሩሯ ግን ወደ ላይ ተስፈንጥራ ከአግዳሚው በላይ አለፈች። ነጩ ባንዲራ ተውለበለበ፤ ፊሽካው ተነፋ።

"አለፈችው" አለች ዲምፕና። እንደ አባቱ! ዘወር ስትል ሞሲ እንባውን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ምን ትጠብቅ? ሰዉን እየገፋች ሜዳ ገባችና የልጇን ጭቃ የለበሰ አንገት አቀፈች።

"አይዞህ ልጄ! አብረን ነው የምንወጣው። ማን ምን እንደሚልህ አያለሁ!"

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አሸነፍን እኮ!"

"አላለፈችህም እንዴ?"

"በላይ ነዋ! አንድ ብቻ ናት። በሁለት እንመራ ነበር።"

በጣቷ ብትቆጥር፣ ብታሰላ፣ ምንም አልገባት አለ። "ታዲያ ሞሲ ምን ያስለቅሰዋል?"

ጓደኞቹ በትከሻቸው ሊሸከሙት ሲመጡ ሎርካን እጁን አነሳ። "ቆዩ፤ እኔ ዛሬ የምወጣው ከእናቴ ጋር ነው።"

በሩ ጋ ሲደርሱ እጅጌውን ያዘችው።

"ያቺ የአባትህ ኳስ ስንት ነበረች?"

"ሦስት፣ እማዬ።"

ዲምፕና ሦስት ጣቷን ቆጠረች።

"ሦስትም ብትሆን" አለች፣ "አንድ ሰው አብሮት ቢወጣ ምን ነበረበት!"