የሸህ ሱልጣን ጫማ

«ይኸ ሰው ከገባ እኔ እወጣለሁ፤ ኸላስ፣ አበቃ!» አለ የሸሁ ተከታዮች ንቅናቄ ጸሐፊ ዳውድ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

በር ላይ የቆመው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚሠራው ሀቢብ ነው። ካይሮ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር ያለው የሸህ ሱልጣን ለቅሶ ቤት ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከማምሻው የዐስር ሰላት በኋላ የኪራይ ወንበሮቹ ይመለሳሉ። ለጢፋ አባቷን ከቀበረች ጀምሮ ይኸን ሰው ስትጠብቀውም ስትፈራውም ሰንብታለች። ብታስገባው የአባቷ ተከታዮች ይቀየሟታል፤ ብትመልሰው ደግሞ አባቷ።

ሸህ ሱልጣን ከወሎ ተሰደው ካይሮ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተከታዮቻቸው በዙና አዲስ አበባ «ስጡን» አለች፤ ካይሮ «እንግዳችን ናቸው» አለች። ሁለት መንግሥት የተኳረፈባቸው ሽማግሌ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ድመት ዓሣ ያጎርሱ ነበር።

ሀቢብ ቤታቸው ያደገ ደረሳቸው፣ የቁርአን ተማሪያቸው ነው። እዚያ ወሎ፣ ትምህርት ሊያበቃ ሲል ቀድሞ ወጥቶ የሸሁን ጫማ ጫፉን ወደ መውጫው የሚያዞር እሱ ነበር። ካይሮም ይጠይቃቸው ነበር፤ የመንግሥታቱ ኩርፊያ ሲከር መምጣት ተወ። ቤታቸው የሚገባውን የሚወጣውን እየጻፈ ለኤምባሲው ያቀርባል የሚል ወሬም መጣ።

ለጢፋ ያኔ በንዴት አለቀሰች። አባቷ ሳቁ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ፣ የልጆች አባት ነው። ደግሞ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ከተጻፈብኝ አይቀር በደህና እጅ ይጻፍብኝ።»

ከዚያ ለመውጣት ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ራሳቸው አዞሩ። ወገባቸውን ይዘው ሲቃኑ «ሀቢብ ቢኖር...» አሉ። ለጢፋ ይችን ቃል ጠላቻት።

አሁን በሩን በእጇ እንደያዘች «ጽፈህባቸዋል?» አለችው።

«ጽፌያለሁ፣ ለጢፋዬ። ዛሬ ግን ስመጣ ኤምባሲውን አላስፈቀድኩም።»

ዳውድ ሊወጣ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ ከቷል። ሀቢብ ግን ደፉን አልተሻገረም። ዓይኑ ከበሩ ሥር ካለው ቡናማ ጫማ ላይ ቀረ። ሸሁ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገቡ እንዳወለቁት ነው፤ ጫፉ ወደ ቤት። ማንም ሊነካው አልደፈረም።

ሀቢብ ተንበረከከ። አቧራውን በመዳፉ ጠረገና ጫማውን ወደ ደረጃው አዞረው።

ሦስት ቀን አልመጣ ያለው እንባ ለጢፋን አሸነፋት።

«ግባ፣ ወንድሜ» አለችው።

ዳውድ እግሩን ከጫማው ቀስ ብሎ አወጣ።