የማማ ሹሩባ

እቴነሽ ነገሩን ያየችው ከመንግሥት ቢሮ የመጣችው ሴት ወንበር ስባ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ከማማ ሻሽ ሥር፣ ከጆሯቸው ኋላ፣ ቀጭን ሹሩባ ሾልኮ ወጥቷል።

ማማ የማዳም አሚና እናት ናቸው። ግራ ጎናቸው ከደነዘዘ ወዲህ ጸጉራቸው ትራስ ላይ እየተቋጠረ ሲያሠቃያቸው፣ እቴነሽ ትናንት ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ገዛ እናቷ ሹሩባ ሠራችላቸው። በዚህ በዓረብ አገር፣ ቁርጡባ ሰፈር ውስጥ፣ እንዲህ ተሠርታ የምትተኛ አሮጊት እንደሌለች ያኔ አልታሰባትም።

መንግሥት በሽተኛ ዘመዱን ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ዜጋ በየወሩ አበል ይከፍላል። ማዳም ሥራዋን ትታ የምትኖረው በዚያ ነው፤ ሴትዮዋም የመጣችው አስታማሚዋ በእርግጥ እሷ መሆኗን ለማየት ነው። ማዳም ጠዋት እቴነሽን ወጥ ቤት ድረስ መጥታ አስጠንቅቃታለች፦ ዛሬ የምታውቂው ወለልና ሰሃን ብቻ ነው፤ አበሉ ቢቋረጥ ዛሬውኑ ወደ መክተቡ፣ ወዳስቀጠረሽ ቢሮ ትመለሻለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እቴነሽ ራሷ በሐሳቧ ጨረሰችው፦ አውሮፕላኑ፣ ባዶ እጇ፣ ልጇ ቤዛዊት ከአሥረኛ ክፍል ቀርታ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ።

ማዳም ለሁሉም ጥያቄ መልስ ነበራት። የምታገላብጠው እሷ፣ የምታጎርሰው እሷ፣ ሌሊት የምትነሳው እሷ። ሴትዮዋ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ቢሮው ለእያንዳንዱ አበል እንደሚጠየቅ፣ ሳይሠራ የሚወስደው ሰው እንደበዛ ስትነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«የሚከፈለኝ ከነዳጃችን ነው» አለች። «ከአገሬ መሬት የወጣ ነው፤ የማንም ላብ የለበትም። ይልቅ ሆስፒታላችንን ያጨናነቁትን ይጠይቁ።» በአገጯ እቴነሽን አሳየቻት።

እቴነሽ ሻዩን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል፣ ሌሊቱን ማማን ሲያነሳ ያደረው ወገቧ ቆረጣት።

ሴትዮዋ ሻሹን በቀስታ ገለጥ አደረገችው። «ያምራል። ማን ሠራላቸው?»

«ማን ይሠራላታል? እኔ ነኛ።»

ሴትዮዋ አንዱን ጉንጉን ከጫፉ ጀምራ እስከ ግማሹ ፈታችው። «እስቲ ይመልሱት።»

ማዳም ጸጉሩን ለሁለት ከፈለችው፤ ጠመዘዘችው፤ ተፈታ። ደግማ ስትስበው ማማ አቃሰቱ፤ ደህናው እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየሩን ይዳብስ ጀመር። እቴነሽ ትሪውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አትሂጂ አለች ለእግሯ። ማዳም ሳቅ ብላ ሦስተኛ ጊዜ ሳበች።

«ማማ፣ አለሁ» አለች እቴነሽ፤ ትሪውን መቼ እንዳስቀመጠችው አታውቅም። የማማ እጅ እጇን ሲያገኝ ጸጥ አለ።

ሴትዮዋ ሻዩን ሳትነካው ተነሳች። ይደወልልዎታል ብላ ሄደች።

ማዳም አልጮኸችም። እቴነሽን ያስፈራት እሱ ነው። ሲመሽ መጥታ ስልኳን ወሰደችባትና ሹሩባውን እስከ ጠዋት እንድትፈታው አዘዘች። እቴነሽ እንደ ልማዷ ከማማ አልጋ ግርጌ ፍራሿን ዘረጋች፤ ከዚያ አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር፤ ማማ የቀሚሷን ጫፍ እንደያዙ ነበር። ሳሎን ውስጥ ስልክ ጮኸ። ማዳም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ብዙ አወራች፤ ከወሬው እቴነሽ የለየችው የራሷን ስምና መክተብ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

የእግር ኮቴ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ማማ ወደዚያ ዞር አሉ። ይህ በር ከዚህ በፊት ተቆልፎ አያውቅም፤ አሁን ግን ቁልፉ ከውጭ ዞረ።