የመሪማ ቁንጥጫ

ወላሂ፣ ይህች ወሬ ከዳር እስከ ዳር እውነት ናት። ከዋሸሁ ከደዶ እስከ ሰኮሩ በእግሬ አስኪዱኝ።

የየቡ ከተማው ልጅ ገመቹ ጂማ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። ሰኞ የቃል ፈተናውን ከወደቀ ይባረርና ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። እሑድ ግን ቀበሌው መቅረት የማይቻልበት ስብሰባ ጠራ፤ በእንቅልፍ እጦት የዛለ ሰውነቱን ጎትቶ ሄደ። ለፈተናው ካጠናው አንድ ነገር አልገባው ብሎታል፤ ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራበት አፉ ሳይነካ እንዴት ይዘጋል?

ከፊቱ ልብስ ሰፊው ሸኩር ተነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቻችንን እየወሰዳችሁ...» ሲል ሚስቱ መሪማ ወገቡን ቆነጠጠችው። አፉ ግጥም አለ። የቀረው ቃል እስከ ማክሰኞ ጉሮሮው ውስጥ ሲንከባለል ይሰማ ነበር።

ገመቹ ነቃ። የተነካው ወገብ፣ የተዘጋው አፍ።

ሰኞ ፈታኙ መምህር ብርሃኔ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው «እህ፣ ቀጥል» አሉት።

«ኢንዛይሙ ከአፉ የራቀ ሌላ ቦታ አለው፣ ጋሼ። እዚያ አንዲት ትንሽ ነገር መጥታ ስትቆነጥጠው ቅርጹ ይለወጥና አፉ ይዘጋል። ስትለቀው ይከፈታል።»

«ፎስፌት ሲለጠፍበትስ?»

«እሱ እንደ ካድሬ ባጅ ነው። ሌላ ኢንዛይም ይሰካበታል፤ የሚነቅለው እስኪመጣ ጠባዩ ተለውጦ ይቆያል።»

መምህሩ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ፈገግ አሉ። «አልፈሃል። ሂድና ተኛ። ይህን ምሳሌ ግን ሌላ ቦታ እንዳትደግመው።»

ፈገግታውን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ መምህሩ እንኳን ፈገግ ሊሉ ከገመቹም የባሰ ደክሟቸው ነበር።