ባለሁለት ቁልፉ ሣጥን

«ይሄ ሰውዬ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ። አንቺ ታስወጪዋለሽ ወይስ እኔ ላስወጣው?»

ሹፌሩ ይህን ያለው ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው። እህቱ የለቀስተኛውን የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«የቱ ሰውዬ?»

«ጭምቱ ነዋ።»

ጭምቱ የአባታቸው የሥራ ረዳት ነው። ከቤታቸው ጋር በተያያዘው የቁልፍ መሥሪያ ሱቅ ውስጥ፣ እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከአባቷ ጎን ጠፍቶ አያውቅም። አባቷ ከተቀበረ ወዲህም ከጎረቤት ወንበር የተዋሰው፣ ውሃ የቀዳው፣ ሽማግሌዎቹን እስከ መንገድ የሸኘው እሱ ነው።

«ምን አደረገህ?»

«እኔንማ ምን ያደርገኛል? አባባን ነው እንጂ። የአባባን ቀኝ እጅ የሰበረው እሱ ነው።»

«የብረት በር ነው የወደቀበት።»

«እሱ ለእኔና ላንቺ የተነገረ ተረት ነው። አጎታችን አሁን ነገረኝ። በመዶሻ ነው የሰበረው። ያውም በአባባ በራሱ መዶሻ።»

ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ከወንድሟ ጋር በዳቦ በተጣሉ ቁጥር የምታካፍለው እሷ ስለነበረች አባቷ «ዳኛዬ» ይላት ነበር። ሰፈሩም ተቀብሎ ዳኛዬ እንዳላት ቀረ። ዳኛዬ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ታድላለች እንጂ ከሳልና ከትኩሳት በላይ የሆነ ነገር ዳኝታ አታውቅም።

«አጎታችን ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበር?»

«አባባ አስምሎት ነው። ‹በሕይወት እያለሁ ለልጆቼ እንዳትነግር› ብሎታል። አሁን ሞተ፣ መሐላውም አብሮት ሞተ ይላል።» ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «‹የአባትህን እጅ የሰበረውን እጅ እየጨበጥክ ልትቀመጥ ነው? እንግዲያው ሱሪህን አውልቅ› አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ። ምን ልበለው?»

ወንድሟን ታውቀዋለች። ቱግ ሲል መሪ እንደሌለው መኪና ነው። በኋላ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ግን በኋላ ነው።

«መጀመሪያ እኔ ላናግረው» አለችው። «እስከዚያ ጫፉን እንዳትነካ።»

«እስክታናግሪው እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን በእኔ አትፍረጂ።»

ሲሄድ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ቀጠለች። የታጠቡትንም መልሳ አጠበቻቸው።

ያ እጅ ትዝ አላት። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው እንደቀሩ ነበሩ። አባቷ ሁሉን ነገር በግራው ይሠራል፤ በግራው ይጎርሳል፣ በግራው ራሷን ይዳብሳል፣ ሰው ሰላም የሚለውም በግራው ነው። የማያውቀው ሰው ቅር ሲለው «ይቅርታ ወዳጄ፣ ቀኙ ሥራ ላይ ነው» ይልና ይስቃል። ልጆቹ ሰላምታ ማለት ይሄ ነው ብለው አደጉ። ትምህርት ቤት ገብተው መምህሩን በግራ እጅ ሰላም ሲሉ ተቀጡ። እሷ ወዲያው ተወችው። ወንድሟ ግን እልኸኛ ነውና ሁለት ጊዜ ተገርፎም አልተወም ነበር፤ አባታቸው ይህን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አሁን ስታስበው የወረደው እንባ ሁሉ የሳቅ መሆኑን ተጠራጠረች።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጭምቱ ቁልፉን ይይዛል፣ አባቷ ይሞርዳል። ደንበኞቹ «ሁለት ሰው፣ ሦስት እጅ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሦስቱ እጆች ግን ያለ አንድ ቃል ይግባባሉ። አንዳንዴ በጭምቱ ትቀና ነበር፤ አባቷ ለእሷ ያን ያህል ቅርብ እንዳልሆነ እየተሰማት።

ሻይ ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ የሰፈሩ ሰባኪና አጎቷ በሹክሹክታ ይከራከራሉ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ከጩኸት በላይ ይሰማል።

«እምነታችን ሂዱና ሰው አቃጥሉ አላለም» ይላል ሰባኪው። «የሟቹ እጅ በተሰበረ ቀን የሆነው የባህል ጣጣ ነው። የሰፈራችን ልጅ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ኮበለለች፤ ሰፈሩ ተዋረድን አለ። ክብር፣ ስም፣ የሰው አፍ። መጽሐፉ ምን አገባው?»

«ባህላችን ደግሞ ዘላለም ይሰደባል» አለ አጎቷ። «ልጅ በኮበለለች ቁጥር የጸሎት ቤት ይቃጠላል እንዴ? ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል። እነዚያን ወንዶች እዚያ ጸሎት ቤት በር ድረስ ያደረሳቸው ዝማሬው ነው። ዝማሬውን ያወጣው ማን ነበር?»

ሰባኪው ብርጭቆውን አየ። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ያኔ ግን ጎልማሳ ነበር።

«‹ወደየቤታችሁ ሂዱ› አልኳቸው» አለ። «‹እንግዲያው በዝማሬ ሸኘን› አሉኝ። ሸኘኋቸው።» ብርጭቆውን አስቀመጠና «ወደ ቤታቸው መስሎኝ» አለ።

ዳኛዬ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ያኔ ነው አንዲት አሮጊት በሩ ላይ የቆሙት። ከአለባበሳቸው የዚያ የሌላው እምነት ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ዳኛዬ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«ፈጣሪ ያጽናሽ፣ ልጄ። ወንዝ ማዶ ዳቦ የምጋግረው ነኝ። አታውቂኝም» አሉ። «የምትነጋገሩትን ከደጅ ሰማሁት። አትደንግጡ፣ ልወቅሳችሁ አልመጣሁም። እኔ ያን ቀን ጸሎት ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።»

«ጸሎት ላይ ነበርን። ከውጭ ዝማሬ ሰማን፤ ደስ የሚል ድምፅ ነበር፣ እንዲያውም ሠርግ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በሩን ይደበድቡት ጀመር። የብረት በር ነው። ቁልፉን የሠራልን አባትሽ ስለሆነ እሱን ጎትተው አመጡት። ‹ክፈት› ይሉታል። ‹እሺ እከፍታለሁ፤ እስቲ ገለል በሉ፣ ብርሃን ከለላችሁብኝ› ሲል ሰማሁት። ለሥራ የተጠራ ነው የሚመስለው። በቃ አለቀልን አልኩ። ልጄን አቅፌ በሩ ሥር ነበርኩ። ቁልፉ ሲገባ ይሰማኛል። ያኔ በቀዳዳው በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ‹በጓሮ መስኮት ውጡ፤ ይሄ በር ዛሬ አይከፈትም› አለ። ከዚያ ቀጭ አደረገው። ቁልፉን እዚያው ውስጡ ሰበረው።»

«ከዚያስ?» አለች ዳኛዬ።

«ከዚያማ ቁልፉን የሰበረውን እጅ ሰበሩት። ጮኸ፤ ሰው አይደል እንዴ? እነሱ ከእሱና ከበሩ ጋር ሲታገሉ እኛ በመስኮት ወጣን። ሁላችንም ወጣን። ያቺ ያቀፍኳት ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት።» ወደ ሰባኪውና ወደ አጎቷ ዞሩ። «እምነት ነው፣ ባህል ነው ስትባባሉ ሰማሁ። እኛ ከውስጥ የሰማነው ድብደባውን ነው። የትኛው ምት የእምነት፣ የትኛው የባህል እንደሆነ በሩ አልነገረንም።»

ዳኛዬ አባቷን የምታውቀው ይመስላት ነበር። ካልሲው የት እንደሚጠፋ፣ ሻዩ ላይ ስንት ስኳር እንደሚያደርግ ታውቃለች። አሁን ግን ተራራ ሥር ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ አንድ ቀንም ቀና ብሎ እንዳላየው ሰው ሆነች። ፈራችው። ከሞተ በኋላ አባቷን ፈራችው፤ ፍርሃቱም ከፍቅሯ አልተለየላትም።

ትሪውን አስቀምጣ በውስጥ በኩል ወደ ሱቁ አለፈች። ከኋላዋ የወንድሟ ኮቴ ተሰማት፤ ዞራ ግን አላየችም።

ጭምቱ የአባቷን ሞረዶች አንድ በአንድ ዘይት ይቀባል። ጸጉሩ ሸብቷል። ስትገባ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ?» አለችው።

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። «እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«የኮበለለችው እህቴ ናት። ሰዎች ቤት ድረስ መጡ። ‹እህትህ እንዲህ አድርጋ አንተ ቁጭ ብለሃል?› አሉኝ። ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ ዝማሬው ባይኖር ከደጃፌ እመለስ ነበር። ሲዘመር ግን ፍርሃቴ ጠፋ፤ ፈጣሪ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። እህቴ ባትሄድ ደግሞ ዘምሬ ወደ ቤቴ በገባሁ ነበር።» ሞረዱን በጨርቅ ጠረገ። «መዶሻውን ማን እጄ ላይ እንዳደረገው አላውቅም።»

«ታዲያ እዚህ ቤት እንዴት ገባህ?»

«እሱ መጣ። እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ቤታችን መጣ። እናቴ ሊገድለኝ የመጣ መስሏት እግሩ ላይ ወደቀች። አነሣትና እኔን አየኝ። ‹ቁልፍ መሞረድ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ነገ ጠዋት ሱቅ ና› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።»

«አንተስ ምንም አላልከውም?»

«ዓመታት ቆይቼ ጠየቅሁት። ‹ጋሼ፣ ያን ቀን ምን ነካኝ? እምነቴ ነው ወይስ የሰው አፍ?› አልኩት። ያንን አወረደው።»

መደርደሪያው ላይ አንድ የብረት ሣጥን አለ። ሁለት ሸሪኮች አዘውት፣ ሳይወስዱት በፊት ተጣልተው የቀረ ነው። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ካልዞረ አይከፈትም፤ አንዱ ሸሪክ ያለ ሌላው እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ ነው። ጭምቱ አወረደውና ፊቷ አስቀመጠው። አንዱን ቁልፍ አዞረችው። ዞረ፣ ሣጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እንዲህ አሳየኝና» አለ ጭምቱ፣ «‹አንዱን ቁልፍ ሰባኪው ሰጠህ፣ ሌላውን ጎረቤትህ። የቱ ከፈተው እያልክ አትድከም፤ አንዱ ብቻውን አይከፍትም። ያን ቀን ግን ሁለቱም ያንተ እጅ ላይ ነበሩ፤ አንዱን አለማዞር ትችል ነበር› አለኝ። ከዚያ ሞረዱን አቀበለኝ። ሥራ ነበረብን።»

በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ገባ፤ አጎቱ ተከተለው፤ ከነሱ ኋላ ሰባኪው፣ አሮጊቷና ሌላው ለቀስተኛ በሩን ሞሉት። ሹፌሩ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መሣሪያዎች መካከል አሮጌውን መዶሻ አነሣ።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አለ ጭምቱ። ጨርቁን አጥፎ ወደ ጎን አደረገና ቀኝ እጁን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ መሣሪያ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ያለ ምንም ችኮላ። ይህን ቀን ሱቁ ከገባበት የመጀመሪያ ማለዳ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ መሆኑ ለሁሉም ታየ።

አጎቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ» አለ።

ሁሉም ዳኛዬን አየ። ልትጮህ ፈለገች፤ የወንድሟን ክንድ ልትይዝ ፈለገች። ነገር ግን አባቷ በሩ ላይ የሠራው ሥራ ፊቷ ቆመ፤ ያን ቀን ብቻውን መረጠ እንጂ ማንም እጁን አልያዘለትም።

«በሩ ጀርባ ሆነህ ሰምተኸናል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው አጎታችን አንዱን ቁልፍ አዙሮልሃል። ሁለተኛው ያንተ ነው። እኔ አልፈርድም።»

ሹፌሩ መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። እጀታውን አገላብጦ አየው፤ በአባቱ እጅ ያለቀ፣ ቀጥሎም በጭምቱ እጅ ያለቀ እንጨት ነው፤ የማን መዳፍ የቱን እንደበላው አይለይም። ዞሮ መዶሻውን ከነበረበት ሚስማር ላይ ሰቀለው። አጎቱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ አሮጊቷን አየና ዘጋው።

ከዚያ ሹፌሩ ወደ ጠረጴዛው ተጠግቶ ግራ እጁን ዘረጋ።

ጭምቱ የተዘረጋለትን እጅ አየ፤ ቀና ብሎ ፊቱን አየ። አልገባውም ነበር።

«ይቅርታ» አለ ሹፌሩ፣ እንባው እየወረደ። «ቀኙ ሥራ ላይ ነው።»

ጭምቱም በዘይት የወዛ ግራ እጁን ልብሱ ላይ ጠርጎ ጨበጠው።